«ዛሬማ ጊዮርጊስ ነው»

«እማማ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ኧረ ቁጥሩን እኔ ምኑን አውቄው ልጄ! ዛሬማ ጊዮርጊስ ነው።»

ፒያሳ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠናል። የማስታወስ ችሎታቸውን የምመዝንበት ቅጽ ላይ ዜሮ ጻፍኩ። ቀጣዩን ጥያቄ ልጀምር ስል ነው የደነገጥኩት። ጊዮርጊስ እኮ 23 ነው። እማማ ቀኑን በትክክል ነግረውኛል፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ዜሮውን ሰረዝኩት።

ፒኤችዲዬን የምሠራው አንጎል ሲያረጅ በሚሆነው ነገርና እንደ አልዛይመር ባሉ፣ የአንጎል ሴሎችን ቀስ በቀስ በሚገድሉ በሽታዎች ላይ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ስለ ላብራቶሪና ስለ ትልልቅ ማሽኖች ይጠይቀኛል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ያቺ ዜሮ ናት።

በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መመዘኛዎች አንዱ በ1975 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ፣ ከ30 የሚታረም ፈተና ነው። ቀን ይጠይቃል፣ ከ100 ላይ ሰባት ሰባት ያስቀንሳል፣ ሁለት የተቆላለፉ ባለ አምስት ጎን ቅርጾችም ያስላል። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ እናት ይህን መሳል ቢያቅታቸው ምን ይገርማል? እማማ ዕድሜ ልካቸውን አትክልት ሸጠዋል። «ከመቶ ላይ ሰባት ሲቀነስ?» ስላቸው ዝም አሉኝ። «መቶ ብር ሰጥቼዎት የሰባት ብር ቃሪያ ብወስድ ስንት ይመልሱልኛል?» ስላቸው ግን ተናግሬ ሳልጨርስ «ዘጠና ሦስት» አሉ። ታንዛኒያ ውስጥ ለአረጋውያን የተዘጋጀ መመዘኛ አለ፣ ሥዕል በማሳል ፈንታ የክብሪት እንጨት ያስደረድራል። እኛም እንዲህ ያለ ነገር ያስፈልገናል።

ጤነኛውን ሰው እንዲህ ታማሚ እናስመስለዋለን። የዚህ ተቃራኒም አለ፣ እሱ ደግሞ ይበልጥ ያመኛል። በትክክል የታመመውን ሰው «ጃጅቷል» ብለን እንተወዋለን። አያቴን ያደረግናት እንዲያ ነው።

አንድ እሁድ ቡና ልታፈላ ተቀመጠች። ቆላች፣ ብረት ምጣዱን አዞረችልንና ጢሱን አሸተትን። ከዚያ የተቆላውን ፍሬ እንዳለ ጀበናው ውስጥ ጨመረችው። ዘነዘናውን እንደያዘች ሙቀጫውን አየችው፤ ባዶ ነው። ሳቅን። እሷም አብራን ሳቀች። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቡና ያፈላች ሴት ናት፤ ማጠቡን፣ መቁላቱን፣ መውቀጡን፣ ማስከኑን፣ ከአቦል በኋላ ለቶና ውሃ መጨመሩን እጇ በራሱ ያውቀዋል፣ በሽታው ደግሞ ሲጀምር ከሚያፈርሳቸው ነገሮች አንዱ እንዲህ ያለ ቅደም ተከተል ነው። አሁን ቤተሰብ ሳነጋግር መጀመሪያ የምጠይቀው «ቡና አሁንም ራሳቸው ያፈላሉ?» ብዬ ነው።

«የድሮውን እያስታወሰች ምን ሆነች ትላላችሁ?» ይሉን ነበር ጎረቤቶች። እውነት ነው፣ ሠርጓ ላይ ማን ምን እንደለበሰ ትነግረን ነበር፣ ቁርሷን መብላቷን ግን ትረሳለች። በአልዛይመር ቀድመው ከሚጎዱት የአንጎል ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ ነው፣ አዲስ ነገር እንድንይዝ የሚረዳን እሱ ነው። የቆየው ትዝታ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚሄደው። ሐኪም ጋ የወሰድናት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ስሜን ከረሳች ወዲያ ነው።

አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት የለም። ግን የሚረሳ ሰው ሁሉ አልዛይመር የለበትም። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ ድባቴ፣ ወድቀው ጭንቅላታቸው ውስጥ የተጠራቀመ ደም ሁሉ እንዲሁ ያስረሳሉ፣ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ሪፖርት 14 ነገሮችን ቆጥሮ፣ እነሱ ላይ ቢሠራ 45 በመቶ የሚሆነው የመርሳት በሽታ ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችላል ይላል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የጆሮ አለመስማት፣ ብቸኝነት አሉበት። የእናቴን ግፊት አሁን በየሳምንቱ የምለካው እኔ ነኝ።

አማካሪዬን አሳምኜ ቅጹ ላይ ከ«ቀን» አጠገብ «የማን ቀን ነው?» የሚል ጨምረናል። ለሙስሊም እናቶች ሌላ ጥያቄ እያሰብን ነው። ገና ብዙ ሰው ላይ መሞከር አለበት።

ለሁለተኛው ዙር መቼ ልምጣ ስላቸው እማማ «ለሚካኤል ና» አሉኝ። ማስታወሻዬ ላይ 12 ብዬ ጻፍኩ።