ሦስት ሰው አናግሬ የወረድኩበት ተራራ

መጀመሪያ ሬዲዮ ይዤ ተራራ የወጣሁ ዕለት ሦስት ሰው አናግሬ ወረድኩ። የሚያስፈልገው አራት ነበር። አራት ሰዓት ሙሉ ዳገት ወጥቼ፣ ጫፉ ላይ በብርድ ተቆራምጄ፣ ሦስት መስመር ደብተሬ ላይ ሞልቼ፣ አራተኛውን ስጠራ ስጠራ ሬዲዮው ቀጥ አለ። ቤት ስገባ «እንዴት ነበር?» አሉኝ። ምን ልበል? ተራራውን ወጥቻለሁ፣ ግን አልተቆጠረልኝም።

«ማን ነው ደግሞ የሚቆጥርልህ?» ማለታችሁ አይቀርም። ከሥሩ ልጀምር።

አማተር ሬዲዮ ማለት ተፈትኖ፣ ፈቃድና የጥሪ ምልክት (አየር ላይ እንደ ስም የሚያገለግል የፊደልና የቁጥር መለያ) ተቀብሎ፣ ገንዘብ ሳይታሰብ ለፍቅሩ ብቻ በሬዲዮ ከሰው ጋር መገናኘት ነው። አብዛኛው አማተር ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው። አንዳንዶቻችን ግን ሬዲዮውን ቦርሳ ውስጥ ከተን ዳገት እንወጣለን። ለዚህ አመል የተቋቋመ ፕሮግራምም አለ፤ ሰሚትስ ኦን ዘ ኤር ይባላል፣ ባጭሩ ሶታ። ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 2002 ተጀምሮ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተራራ መለያ ቁጥር አለው፣ እንደ ከፍታውም ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል። ጉብታ ሁሉ ተራራ አይባልም። ከዚያ ተነስቶ ከፍ ወዳለው ሌላ ተራራ ለመሻገር በአብዛኛው ቢያንስ 150 ሜትር መውረድ ግድ የሚል መሆን አለበት። የሚወጣው ሰው አክቲቬተር ይባላል። ቤቱ ሆኖ አክቲቬተሮችን እያሳደደ የሚያናግረው ደግሞ ቼዘር ነው። ነጥቡን ለመውሰድ አክቲቬተሩ ከጫፉ ላይ አራት የተለያዩ ጣቢያዎችን ማናገር አለበት። ሺህ ነጥብ የሞላለት አክቲቬተር «ማውንቴን ጎት» ይባላል፣ የተራራ ፍየል ማለት ነው። ሺህ የሞላለት ቼዘርስ? እሱ «ሻክ ስሎዝ» ነው። ሻክ አማተሩ ሬዲዮውን የሚያኖርባት ክፍል ናት። ስሎዝ ያቺ ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ የምትውል፣ ለመንቀሳቀስ የምትሰንፍ እንስሳ ናት። ስሙን ያወጣው ሰው ቀልድ ያውቃል። እኔ እንደሆንኩ እስካሁን ከፍየልነት በጣም ሩቅ ነኝ፣ ግልገልም አልባል።

ከደንቦቹ ሁሉ የምወደው በራስ ጉልበት መድረስ ግዴታ መሆኑን ነው። ጫፉ ድረስ መኪና ነድቶ መሥራት የለም። ጄኔሬተር የለም። የተሸከምከው ባትሪ ወይም የፀሐይ ፓነል ብቻ። መሬት ላይ በተተከለ ሪፒተር፣ ማለትም ድምፅ ተቀብሎ መልሶ በሚያስተላልፍ ጣቢያ፣ በኩል የተደረገ ንግግርም አይቆጠርም፤ ድምፅህ ራሱ መድረስ አለበት። መሥሪያ ቦታህ ደግሞ ከጫፉ ቁልቁል ከ25 ሜትር ከፍታ በላይ ዝቅ ማለት የለበትም። ይቺን 25 ሜትር ያዙልኝ፣ በኋላ ትጠቅመናለች።

ተራራ ለምን? እይታው ነዋ ትሉ ይሆናል። እይታውማ አለ፣ ግን ለሬዲዮ ሰው ተራራ ትልቅ የአንቴና ምሰሶ ነው፣ ያውም በነፃ የተተከለ። በእጅ የምትያዘው ትንሿ ሬዲዮ የምትሠራበት ሞገድ፣ 145 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ያለው፣ እንደ ዓይን ነው፤ ባብዛኛው በቀጥታ ይሄዳል፣ መሬት ሲጋርደው ይቆማል። ግምቱን ማንም ሊያሰላው ይችላል። ከፍታህን በሜትር ወስደህ ስኩዌር ሩቱን በ4.1 ማባዛት ነው፤ የሚመጣው ኪሎሜትር ነው። ሜዳ ላይ ቆመህ አንቴናህ ሁለት ሜትር ላይ ቢሆን ስድስት ኪሎሜትር ያህል ታገኛለህ። ዙሪያውን ካለው ሜዳ 900 ሜትር ከፍ ያለ ጫፍ ላይ ስትቆም ግን 123 ኪሎሜትር ይሆናል። ያው ሬዲዮ፣ ያው አምስት ዋት፣ ያው ጎማ የለበሰ አጭር አንቴና። የተለወጠው የቆምክበት ቦታ ብቻ ነው። ሌላኛውም ሰው ከፍታ ላይ ከሆነ የሱ ኪሎሜትር ባንተ ላይ ይደመራል።

ታዲያ ጥሩ ተራራ የሚወደው አማተር ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ የቴሌኮምና የቴሌቪዥን ምሰሶ ተተክሎ ይጠብቅሃል። ርካሽ የእጅ ሬዲዮ እዚያ አጠገብ ሲደርስ ይደነቁራል። የምሰሶው ጉልበት መቀበያውን ስለሚያፍነው ሰዎች እየጠሩህ አንተ ምንም አትሰማም። እኔም አንድ ጊዜ ምሰሶው ሥር ቆሜ ግማሽ ሰዓት «የሚሰማኝ አለ?» ስል ቆየሁ። ለካ ሦስት ሰዎች እየመለሱልኝ ነበር! መድኃኒቱ ያቺ 25 ሜትር ናት። ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ ትልቅ ቋጥኝ በራስህና በምሰሶው መካከል ማድረግ ነው። አለቱ ይከልልሃል፣ ሬዲዮውም ጆሮው ይከፈታል።

ሩቅ አገር መሄድ ከተፈለገ ግን ወደ አጭር ሞገድ መውረድ ነው፣ ወደ 7 ወይም 14 ሜጋኸርትዝ። እዚያ ሞገዱ ሰማይ ወጥቶ አዮኖስፌር ከሚባለው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ላይ ታጥፎ ይመለሳል፣ ሺህ ኪሎሜትርም ምንም አይደለም። ለ14 ሜጋኸርትዝ የሚያስፈልገው አሥር ሜትር ገደማ ቀጭን ሽቦ፣ ጫፉ ላይ የምትገባ ትንሽ ትራንስፎርመርና አንድ ተጣጣፊ ዘንግ ነው። ዘንጉ የዓሣ ማጥመጃ ዓይነት ሆኖ ከፋይበርግላስ የተሠራ ይሁን። ካርቦን እንዳትገዙ፤ ቀላል ነው፣ ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አንቴናችሁን ያበላሸዋል። ይህንን የምነግራችሁ ገዝቼ ስላየሁት ነው።

«በአምስት ዋት ማን ይሰማሃል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የቤት ሬዲዮዎች ባብዛኛው 100 ዋት ናቸው። ሃያ እጥፍ ሲባል ያስደነግጣል፣ በሚሰማው ሰው መለኪያ ላይ ግን ልዩነቱ 13 ዴሲቤል ብቻ ነው። መቀበያው የሚሰማውን ጉልበት የሚለካው በኤስ ደረጃ ነው፤ አንድ የኤስ ደረጃ 6 ዴሲቤል ስለሆነ ከሁለት ደረጃ ትንሽ ያልፋል ማለት ነው። 100 ዋቱን በኤስ 7 የሚሰማ ሰው አምስቱን በኤስ 5 ገደማ ይሰማዋል። ደግሞ ተራራ ላይ ሌላ ነገር አለ፤ ጸጥታ። ቤት ውስጥ የስልክ ቻርጀሩ፣ የኤልኢዲ መብራቱ፣ የጎረቤት ኢንቨርተሩ ሁሉ አየሩን በጫጫታ ይሞሉታል። እዚያ ላይ አንዱም የለም። የመጀመሪያው ቀን ሬዲዮውን ሳበራ ጭጭ ስላለ የተበላሸ መስሎኝ ሽቦውን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ከዚያ ቀስ ብዬ መሪውን ሳዞር አንድ ሰው ከሩቅ፣ በጣም ቀጥኖ ግን ጥርት ብሎ፣ ቁጥር ሲያነብ ሰማሁ። ቤቴ ብሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ድምፅ ከጫጫታው ሥር ተቀብሮ ይቀር ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልመለስ። ምን አጠፋሁ? ሁሉንም። ቦርሳዬን ቤት እንደሚቀይር ሰው ነበር የሞላሁት፤ ሁለት አንቴና፣ የማያስፈልግ ትርፍ ገመድ፣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጭምር። መጽሐፉን መቼ ላነበው እንደነበር እስካሁን አላውቅም። መምጣቴንም ለማንም አልተናገርኩም። ይሄ ትልቁ ስህተት ነው። ቼዘሮች መቼ፣ በየትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደምትወጣ አስቀድመህ ካስመዘገብክ ጠብቀው ይይዙሃል፤ አለበለዚያ ባዶ አየር ላይ እንደ እብድ ብቻህን ትጮሃለህ። ሦስቱን ሰዎች ያገኘሁት በዕድል ነው። በሞርስ፣ በአጭርና በረጅም ድምፅ ፊደል በሚላክበት ዘዴ፣ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ይሻላል፣ ምክንያቱም ሞርስን ራሳቸው የሚያነቡ መቀበያዎች በዓለም ዙሪያ ተተክለዋል። አስቀድሞ ከተመዘገበ ስልኩ ኔትወርክ ባይኖረው እንኳ መውጣቱ ለቼዘሮች ይደርሳቸዋል። በዚያ ላይ ሞርስ ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚሰበሰብ በአምስት ዋት ንግግር የማይደርስበት ይደርሳል። የኔ ሞርስ ገና በእንብርክኩ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ማይክ ላይ ነኝ።

ባትሪውን ደግሞ ባዶ ድንጋይ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። የሊቲየም ባትሪ ሲበርደው ውስጡ ያለው ኬሚካል ይዝላል። ስትሰማ ደህና ነው፣ ለመናገር ስትጫነው ግን ቮልቴጁ ወርዶ ሬዲዮው ይጠፋል። እኔ አለቀ ብዬ ሁሉን ጠቅልዬ ወረድኩ። ተራራው ሥር ደርሼ፣ ቦርሳ ውስጥ ሲሞቅ የቆየውን ያንኑ ባትሪ ብሰካው ሬዲዮው ምንም እንዳልሆነ ቦግ ብሎ በራ። ቁጭ ብዬ አየሁት። ከዚህ በኋላ ተመልሼ እንዳልወጣ ጀንበሯ እየጠለቀች ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደዚያው ተራራ ሄድኩ። በዚህኛው ባትሪው ጃኬቴ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ ነው። ቦርሳው ግማሽ ሆኗል። እስክሪብቶም ትቼ እርሳስ ይዣለሁ፤ እስክሪብቶ በብርድና በእርጥበት እምቢ ይላል፣ እርሳስ ግን ታማኝ ነው። ሰማዩንም ሳልገመግም አልወጣሁም። ይሄኛው ቀልድ የለውም። ደመና ሲጠቁር ጫፍ ላይ ረጅም ሽቦ ዘርግቶ መቀመጥ መብረቅን መጥራት ነው። አንቴናው ንብ እንደሰፈረበት ጥዝ ማለት ከጀመረ ዕቃው ይቅር ብሎ ወዲያው መውረድ እንጂ «አንድ ሰው ብቻ ላናግር» የሚባል ነገር የለም።

ዕለቱ ጥርት ያለ ነበር። ዘንጉን በድንጋይ ደግፌ፣ ሽቦውን ዘርግቼ፣ በተባለው ሰዓት ጠራሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እየተጋፉ ነው የመጡት። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይገባል፣ እኔም ማንን ልያዝ ብዬ ግራ ተጋባሁ። የጥሪ ምልክት ጻፍ፣ ሪፖርት ስጥ (እንዴት እንደሚሰማ ንገረው)፣ ተቀበል፣ ሰዓቱን በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ አስገባ፣ ቀጣይ። ሦስት መስመር በአምስት ደቂቃ ሞላ። ከዚያ ጸጥ አለ።

አይ! ደግሞ ሦስት ላይ? ማይኩን ይዤ እንደገና ጠራሁ። ምንም። እንደገና። አሁን የሆነ ነገር ሰማሁ፣ ግን መጀመሪያ ሰው አልመሰለኝም። የነፋስ ድምፅ ነው። የኔ ነፋስ መስሎኝ ጀርባዬን አዞርኩ፤ አሁንም አለ፣ ከጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ነው የሚመጣው። ከነፋሱ መሃል አንድ ሰው እያለከለከ የጥሪ ምልክቱን ፊደል በፊደል ይናገራል፣ መጨረሻው ላይም «ከተራራ ወደ ተራራ!» ይላል። እሱም ሌላ ጫፍ ላይ ነው። ሁለት ጫፍ ሲገናኝ እኛ ዘንድ እንደ ሰርግ ነው። ሪፖርት ተለዋወጥን። እሱ አምስት ዋት፣ እኔ አምስት ዋት። «እዚህ ዘንጌን በእጄ ይዤ ነው የማወራህ፣ ነፋሱ ሊወስድብኝ ነው» አለኝ። እኔም እግሬ የኔን ዘንግ ሥር እንደረገጠ መሆኑን ነገርኩት። ሁለታችንም ሳቅን፣ ሳቁ ግማሹ በነፋስ ተወሰደ።

አራተኛውን መስመር ስጽፍ ጣቶቼ ደንዝዘው ስለነበር የጥሪ ምልክቱ የመጨረሻ ፊደል ኤም ትሁን ኤን አይለይም። በሬዲዮ ኤን የምትጠራው «ኖቬምበር» ተብላ ነው፤ እንደዚያ ማለቱን ስለማስታውስ ብቻ ነው ያወቅኳት። ባትሪውን ከደረቴ አውጥቼ አየሁት፣ ገና ከግማሽ በላይ አለ። መልሼ ጃኬቴ ውስጥ ከተትኩትና ማይኩን አነሳሁ።