400 ሰዓት ቀድቼ 20 ደቂቃ ያጣሁበት መንገድ

ይህን የምጽፈው፣ በዲሽ ሪሲቨሩ ላይ ሃርድ ዲስክ ሰክቶ «በኋላ አየዋለሁ» እያለ የቴሌቪዥን ዝግጅት የሚያከማች ሰው፣ ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ነገር አስቀድሞ እንዲያውቀው ነው። ከ400 ሰዓት በላይ የሚሆን ዝግጅት ቀድቼ ነበር። ከዚያ ሁሉ ውስጥ በእውነት የምፈልገው የአባቴን የ20 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነበር፤ እሱንም አንድ ጊዜ እንኳ ሳላየው ጠፋብኝ።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከመሥሪያ ቤት ወጥቼ የታክሲ ሰልፍ ጠብቄ ኮተቤ ስደርስ ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ ቤታችን የትርጉም ድራማ የሚከታተል ቤት ሆኗል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ከመሐል ስለምደርስ ታሪኩ ይጠፋብኛል። በ2012 ዓ.ም. የአገራችን ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ሳህኑን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያዞረልን የዲሽ ባለሙያ አዲስ ሪሲቨር አመጣና፣ ፍላሽ ከተሰካበት መቅዳት እንደሚችል አሳየኝ። ሥራው ቀላል ነው፤ ፍላሹን መሰካት፣ በሪሞቱ ላይ ያለውን ቀይ ነጥብ መጫን፣ ቤት በማትኖርበት ጊዜ ደግሞ ሰዓት መሙላት።

ሰዓት አሞላሉ ላይ ግን አንድ ነገር ልናገር። ሪሲቨሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰለሞን ባረጋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትሩን ሲሮጥ እኔ ቢሮ ነበርኩ። ውድድሩ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8:30 እንደሚጀምር ስለማውቅ 8:30 ብዬ ሞልቼ ወጣሁ፤ መሙላት የነበረብኝ 14:30 ነው። ማታ ስመለስ ያገኘሁት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የተቀዳ የማለዳ ዝግጅት ነበር። ሰለሞን በ27 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ወርቁን ሲያመጣ ያየሁት በማግሥቱ ዜና ላይ በተቆራረጠ ምስል ነው። የቀን ሰዓት ላይ 6፣ የምሽት ሰዓት ላይ ደግሞ 18 መደመር እስኪለመድ ድረስ በወረቀት ጽፎ ሪሲቨሩ ላይ መለጠፍ ይጠቅማል።

መጀመሪያ የነበረኝ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ነበር። አንድ ሰዓት ዝግጅት እንደ ጣቢያው ጥራት 2 ጊጋባይት ያህል ስለሚወስድ ፍላሹ በሳምንት ይሞላል፤ ስለዚህ ወይ አያለሁ ወይ አጠፋለሁ። ባለሙያው «ይሄ አይበቃህም፣ ባለ አንድ ቴራ ግዛ» አለኝና ገዛሁ። ጥፋቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። ቦታ ሲበዛ መምረጥ ተውኩ። ድራማውን፣ የእሑድ መዝናኛውን፣ የበዓል ዝግጅቱን፣ የምግብ ሙያውን ሁሉ በሳምንት እስከ 14 ሰዓት ድረስ እቀዳለሁ፤ ተቀምጬ የማየው ግን 3 ሰዓት ቢሆን ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ይህን ቀላል መቀነስ አለመሥራቴ አሁንም ይቆጨኛል። በሳምንት 11 ሰዓት ይተርፋል፤ በአሥር ወር ውስጥ ከ400 ሰዓት በላይ ሆነ። ያንን በሳምንት 3 ሰዓት እያየሁ ልጨርሰው ብል ወደ ሦስት ዓመት ይፈጅብኝ ነበር።

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በ2013 ዓ.ም. የካቲት ላይ አንድ ጣቢያ ስለ ነባር መምህራን በሚያቀርበው ዝግጅት ጋበዛቸው፤ ቅዳሜ ቀን ሲተላለፍ እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ሰዓት ሞልቼ ቀዳሁት። እናቴ ማታ ስትነግረኝ፣ በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ጋሞ ጎፋ ስለሄዱበት ጊዜ ለእኛ ለልጆቻቸው ተናግረውት የማያውቁትን ነገር ተናግረዋል። በዚያው ሌሊት ማየት ነበረብኝ። እህቴ ለፋሲካ ከዱባይ ስለምትመጣ አብረን እናየዋለን ብዬ አቆየሁት፤ እህቴ ግን ፈቃድ ተከልክላ ሳትመጣ ቀረች፤ ፋይሉም ከሁለት መቶ የድራማ ክፍሎች መካከል ተቀምጦ ቀረ።

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ ጨምሮ መጣና ሪሲቨሩ ተቃጠለ። ስታቢላይዘር ለፍሪጅ እንጂ ለሪሲቨር አልገዛሁም ነበር። ባለሙያው ሌላ ዓይነት ሪሲቨር ይዞ መጣ። ሃርድ ዲስኩን ሲሰካው ስክሪኑ ላይ ዲስኩ እንደማይነበብና ፎርማት ይደረግ፣ ማለትም ያለው ጠፍቶ እንደ አዲስ ይዘጋጅ እንደሆነ የሚጠይቅ መልእክት ወጣ። እኔ ማድ ቤት ውኃ ልቀዳለት ሄጄ ነበር። ስመለስ «ጨርሻለሁ፣ ይሠራል» አለኝ፤ የሚሠራ መሆኑንም ሊያሳየኝ አምስት ደቂቃ ያህል ቀድቶ አጫወተልኝ። አመስግኜ ሒሳቡን ከፍዬ ሸኘሁት።

ያኔ ማንም ያልነገረኝ ነገር ይህ ነው፦ አንዳንድ ሪሲቨር ዲስኩን የሚያዘጋጀው በራሱ መንገድ ስለሆነ፣ በእሱ የተቀዳውን ሌላ ሪሲቨርም ሆነ ተራ ኮምፒውተር ላያነበው ይችላል። የማያነበውን ዲስክ ደግሞ እንደ ባዶ ቆጥሮ ፎርማት ላድርገው ይላል። ባለሙያው «ውስጡ ምን አለ?» ብሎ አንድ ቃል አልጠየቀኝም። ዓመታት አልፈው እንኳ ይህ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም የሰው ቤት ገብቶ የሰው ዕቃ የሚነካ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ መሆን ነበረበት።

የባሰው ግን የእኔ ነው። በፈጣን ፎርማት የጠፋ ነገር ወዲያው ከዲስኩ ላይ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ማውጫው ነው፤ በላዩ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ባለሙያ ሊመልሰው ይችላል። በዚያው ቀን ባውቅ ኖሮ ነቅዬ አስቀምጠው ነበር። እኔ ያወቅሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየምሽቱ በላዩ ላይ ስቀዳ ቆየሁ፤ የቀዳሁትን ስለማላይ ዝርዝሩን ከፍቼ አላየሁም። አንድ ምሽት እንኳ ከፍቼው ቢሆን ባዶነቱን አየው ነበር። የአባቴን ድምፅ ያጠፋው የባለሙያው ጣት ብቻ አይደለም፤ እስካሁን ያላየሁት የሦስት ሳምንት ድራማ ነው።

ቀጥሎ ወደ ጣቢያው ሄድኩ። የተላለፈበትን ቀንና ሰዓት ይዤ ስለነበር ቅጂ ማግኘት የግማሽ ቀን ሥራ መስሎኝ ነበር። እንግዳ መቀበያው ማመልከቻ ጻፍ አለኝ፤ ጻፍኩ። መዝገብ ቤቱ በግለሰብ ስም አንቀበልም፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አምጣ አለኝ። ከአባቴ የቀድሞ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ለማጻፍ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ደብዳቤውን ሳስገባ ቁጥር ሰጥተው «ወንድሜ፣ በዚህ ቁጥር ተከታተል» አሉኝ፤ በቁጥሩ አራት ጊዜ ተመላለስኩ፤ በየጊዜው ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። በአምስተኛው አንዲት ወጣት ሠራተኛ አዘነችልኝና ዝግጅቱ ከተላለፈ በኋላ ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል እንደጠፋ በግልጽ ነገረችኝ። ይህን በመጀመሪያው ቀን መናገር የሚችል ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ ነበር። የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር ያስቸገርኩበትና ከሥራዬ ፈቃድ እየጠየቅሁ የተመላለስኩበት ጊዜ ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚቀር ነበር።

በመጨረሻ የጠፋ ዳታ የሚመልስ አንድ ወጣት ዲስኩን አሥር ቀን አቆይቶ አራት ደቂቃ ያህል አወጣልኝ። ምስሉ በየመሐሉ አራት ማዕዘን እየሆነ ይቆራረጣል፤ አባቴ መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ሲጠርጉ ግን ጥርት ብሎ ይታያል። «ኩልፎ ሞልቶ ነበር፤ እኛ ደግሞ ስድስት ልጆች…» ይላሉ ስለ ወንዙ፣ ከዚያ ድምፁ ይቋረጣል።

ከዚህ በኋላ አሠራሬን ቀይሬአለሁ። የሪሲቨሩ መመሪያ ዲስኩን በሪሲቨሩ ፎርማት አድርግ ይላል፤ እኔ አታድርጉ እላለሁ። ሪሲቨሩ የሚቀበለው ከሆነ ዲስኩን በኮምፒውተር ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው ፎርማት አዘጋጁት፤ ፋት 32 ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ስለማይበልጥ ረጅም ዝግጅት ተቆራርጦ ይቀመጣል። አንድ ነገር ቀድታችሁ ኮምፒውተር ላይ እስክታጫውቱት ድረስም አትመኑት። መርሐ ግብሩ ላይ የሚጻፈውን ሰዓት አትመኑ፤ ከፊቱ 5፣ ከኋላው 30 ደቂቃ ጨምሩበት። ባለሙያ ትልቅ ዲስክ ግዛ ሲል አትስሙት፤ ትንሽ ፍላሽ ይሻላል፣ ሲሞላ እንድትመርጡ ያስገድዳችኋል። የቤተሰብ ሰው የታየበትን ነገር ደግሞ በዚያው ሌሊት እዩት፣ በማግሥቱ ሌላ ቦታ ገልብጡት። ድራማውንማ እኔ ትቼዋለሁ፤ ያመለጠኝን እናቴ እራት ላይ ትተርክልኛለች፣ ከድራማው ይልቅ እሱን እወደዋለሁ።

ለአባቴ እውነቱን የነገርኳቸው ከሁለት ወር በኋላ ነው። እንደገና ይንገሩኝ ብዬ ስልኬን ይዤ አጠገባቸው ስቀመጥ «እሱን አንዴ ተናግሬዋለሁ» ይሉኛል፤ ስለ ትምህርት ቤታቸው፣ ስለ ተማሪዎቻቸው፣ ስለ መጀመሪያ ደመወዛቸው ግን በደስታ ያወራሉ። እሱንም ቀድቼ በየሳምንቱ ከእሳቸው ጋር ተቀምጬ እሰማዋለሁ። ስድስቱ ልጆች ኩልፎን እንዴት እንደተሻገሩ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።