ቁጥሩ ልክ ነበር

ከደንበኛው የመጣው አስተያየት አጭር ነው። «እማማ ፊታቸው አመድ መሰለ። አሟቸዋል እንዴ?»

የምንሠራው ለሕፃናት የሚሆን አጭር አኒሜሽን ነበር። ዋና ገጸ ባህሪዋ ነጠላ የለበሱ፣ ቡና እያፈሉ ተረት የሚያወሩ ጠና ያሉ እናት ናቸው። ቅርጹን ዚብረሽ በሚባለው የ3ዲ ቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀለሙን ከአንዲት እናት ፎቶ እያየ የቀባው ባልደረባዬ ነው። እጁ የተባረከ ልጅ ነው፤ የዓይን ዙሪያ ሽብሽቡን፣ የጣት መገጣጠሚያውን፣ የነጠላውን ጥለት አንድ በአንድ ለፍቶበታል። ዚብረሽ ላይ ሲታይ ያምር ነበር። የፀሐይ መጥለቂያ ብርሃን አብርተንበት ሬንደር ስናደርገው (ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ምስል ሲያወጣው) ግን ፊታቸው ገረጣ፤ ነጠላው ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ሆነ።

ባልደረባዬ ግራ ገባው። «ከፎቶው ላይ እኮ ነው ፒክ ያደረግኩት። ነይ እዪው፣ ቁጥሩ ራሱ ነው» አለኝ። ሄጄ አየሁ። እውነቱን ነው። ኮምፒውተር ላይ ቀለም ሦስት ቁጥር ነው፤ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255። የግንባራቸው ቀለም ከፎቶው ግንባር ጋር አንድ ነው። የነጠላውም እንደዚሁ። አንድም ቁጥር አልተሳሳተም።

ፒክ ማድረግ፣ ማለትም ከምስል ላይ ቀለም ማንሳት፣ ለእኛ ሥራ እንደ እስትንፋስ ነው። ፎቶሾፕ ላይ ብሩሹን ይዘህ አልት ትጫናለህ፣ ክሪታ ላይ ኮንትሮል፣ ዚብረሽ ላይ ደግሞ የሲ ፊደልን። ቀለሙ ወዲያው እጅህ ይገባል። ችግሩ ምን እንደያዝክ አይነግርህም። ፎቶ ላይ ያለ አንድ ፒክሰል (ነጥብ) የዕቃው ቀለም ብቻ አይደለም። ዕቃው፣ ያረፈበት ብርሃንና ካሜራው ተደምረው የሰጡት ውጤት ነው። ቀለም ማንሻው፣ አይድሮፐሩ፣ ሦስቱን ለይቶ ማየት አይችልም።

ፎቶው የተነሳው በረንዳ ላይ ነው፤ ረፋድ ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ። በእንዲህ ያለ ቀን ጥላ ውስጥ የሚገባው ብርሃን በአብዛኛው ከሰማዩ የሚመጣ ነው፤ ሰማዩ ደግሞ ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ነጩ ነጠላ ሲለካ 168፣ 178፣ 196 አካባቢ ነበር። ፎቶውን የሚያይ ሰው «ነጭ ነው» ይላል፤ አእምሯችን የብርሃኑን ቀለም ቀንሶ ስለሚያየው። ፕሮግራሙ ግን የሰጠነውን ቁጥር የጨርቁ የራሱ ቀለም ነው ብሎ ይቀበላል። ከዚያ በላዩ ላይ የራሱን ብርሃንና ጥላ ይጨምርበታል። የበረንዳው ጥላ የብርሃኑን ግማሽ ወስዶ ከነበረ፣ የእኛም ትዕይንት ግማሹን ሲወስድ የሚቀረው ሩብ ነው። ጥላው ሁለት ጊዜ ተቆጠረ ማለት ነው።

የፊቱ ነገር ደግሞ ከዚህም የረቀቀ ነው፤ በጣም የምቆረቆርለትም እሱ ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ የሚታየው አብረቅራቂ ቦታ፣ ግንባሩና ጉንጩ አናት ላይ ያለው፣ የቆዳው ቀለም አይደለም። ቆዳ ፊት ለፊት ከሚያርፍበት ብርሃን 3 በመቶ የሚጠጋውን ሳያስገባ ከላዩ ይመልሰዋል። የሚመልሰውም ብርሃኑን በራሱ ቀለም ነው እንጂ ቡናማ አድርጎ አይደለም። ፈካ ባለ ቆዳ ላይ ይህ ብዙም አይለይም። ጠይም ቆዳ ላይ ግን ሥሩ ጠቆር ያለ ስለሆነ ጎልቶ ይወጣል። የእማማ ግንባር ላይ ፒክ የተደረገው ቀለም በከፊል የሰማዩ ነጸብራቅ ነበር። ያንን ቀለም እንደ ቆዳ ስትቀባው ውጤቱ አመድ ነው። በየጨዋታውና በየአኒሜሽኑ የእኛን የመሰለ ቆዳ ገርጥቶ ሳየው ሁልጊዜ ይከነክነኛል። አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ነጸብራቁ ቤዝ ከለር (የዕቃው የራሱ ቀለም) ውስጥ መግባት የለበትም፤ ቦታው የቆዳው ልስላሴ የሚወሰንበት ራፍነስ ነው።

ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ስነግረው ቶሎ አልተዋጠለትም። ስለዚህ የኤድዋርድ አደልሰንን የቼዝ ሰሌዳ ሥዕል ከፈትኩለት። አደልሰን የአሜሪካው ኤምአይቲ ፕሮፌሰር ነው፤ ሥዕሉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ሰሌዳው ላይ ሲሊንደር ቆሞ ጥላ ጥሏል። ከጥላው ውጭ ያለ ጥቁር ካሬና ጥላው ውስጥ ያለ ነጭ ካሬ አሉ። ሁለቱን ፒክ አድርጋቸው፤ ቁጥራቸው አንድ ነው። «ይሄ አይሆንም» አለና ሁለት ሦስቴ ደጋገመው። ከዚያ ዝም ብሎ የራሱን ፋይል ከፈተ።

ሌሎች ነገሮችም አገኘን። ፎቶው በቴሌግራም የተላከ ነው፤ በፋይል መልክ ሳይሆን እንዲሁ። እንዲህ ሲላክ ይጨመቃል። የተጨመቀ ጄፔግ ብዙውን ጊዜ የቀለሙን መረጃ ከብሩህነቱ ባነሰ ጥራት ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ጥለቱ ላይ ቀዩ ወደ አረንጓዴው ፈስሷል። አይድሮፐሩ ደግሞ አንድ ፒክሰል ብቻ እንዲያነብ ተደርጎ ነበር። ፎቶሾፕ ላይ 5 በ5 ወይም 11 በ11 አማካይ እንዲወስድ ማድረግ ይቻላል፤ ለጨርቅና ለቆዳ ይሄ ይሻላል። ዚብረሽም መጀመሪያ ሲከፈት ከሚመጣው ቀይ የሰም ማቴሪያል (ለቅርጹ ገጽ ከሚሰጠው መልክ) አልተቀየረም። በዚያ ላይ የሚቀባ ሁሉ ሞቅ ብሎ ይታያል፤ ባልደረባዬም ግርጣቱን ቀድሞ ያላየው ለዚህ ነው። ስኪን ሼድ 4 የሚባለው ነጭ ማቴሪያል ላይ ስናደርገው አመዱ እዚያው ቁጭ ብሎ አገኘነው።

ከዚያ ሽሮ ሜዳ ሄደን ነጠላ ገዛን። ደመና የሸፈነውን ቀን ጠበቅን። ክረምት ስለነበር ብዙም አላስጠበቀንም። ደመና ብርሃኑን ከየአቅጣጫው እኩል ስለሚበትነው የጠነከረ ጥላ የለም። ነጠላውን ከግራጫ ካርድ ጋር አነሳነው። ካርዱ የሚያርፍበትን ብርሃን 18 በመቶ የሚመልስ ነው፤ ፎቶው ውስጥ ሦስቱም ቁጥሮች እኩል፣ 118 አካባቢ እስኪሆኑ አስተካከልነው። ሰማያዊው ጠፋ። ነጠላው ውሃ ያልነካው የጥጥ ነጭ ሆነ፤ ትንሽ ወደ ክሬም የሚያደላ። 255 ግን አላደረግነውም። በዚህ ዓይነት ሥራ ለነጭ ነገር 240 ጣሪያ ነው፤ ለጥቁር ነገር ደግሞ ከ30 በታች አይወረድም።

ለፊቱ እኔና ባልደረባዬ መስኮቱ ጋ ቆመን የገዛ እጃችንን አየን። ነጸብራቁን ትተን፣ ጥላውንም ትተን፣ መካከለኛውን ቀለም በዓይን መረጥን። ፒክ ያደረግነው ለማረጋገጥ ብቻ ነው። የአፍንጫ ጫፍና ጆሮ ላይ ደም ቅርብ ስለሆነ ትንሽ ቀላ አደረግነው። ዓይን ዙሪያና የጣት መገጣጠሚያ ጠቆር አለ። መዳፉ ፈካ፤ የታችኛው ከንፈር ከላይኛው ለየት አለ። እማማ በማግስቱ በዚያው የፀሐይ መጥለቂያ ብርሃን ሬንደር ሲደረጉ ነፍስ ዘርተው ነበር።

ደንበኛው ፊቱን ወደደው። ጥለቱን ግን አልወደደም። «ቢጫው ደከመ፤ ጨምሩበት» አለ። ባልደረባዬ ከአዲሱ ፎቶ ጋር አነጻጸረው። አሁንም ቁጥሩ ልክ ነው፤ አሁን ደግሞ ብርሃኑም ልክ ነው።

እዚህ ላይ የሚሼል ሼቭረል ታሪክ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1824 በፓሪሱ የጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የቀለም ማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ የሆነ ኬሚስት ነው። ጥቁሩ ቀለም ደክሟል የሚል ቅሬታ ቀረበለት። ቀለሙን መረመረ፤ ምንም አልጎደለውም። ጥቁሩን ያደከመው ከጎኑ የተሸመነው ቀለም ነበር። በ1839 ይህንኑ በሰፊው ጽፎ አሳተመ።

የገዛነውን ነጠላ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ጥለቱን በቅርብ አየነው። ሸማኔው ከቢጫውና ከነጩ መካከል ቀጭን ጥቁር አረንጓዴ ክር አስገብቷል። በፎቶው ከሩቅ አይታይም፤ ባልደረባዬም ስላላየው አልቀባውም። የእኛ ቢጫ ነጩን በቀጥታ ተጠግቶ ነበር የቆመው።

ቢጫውን አልነካነውም። አረንጓዴዋን መስመር ጨመርንና ላክን። ደንበኛው ማታውኑ መለሰ፦ «አሁን ገና ቢጫው ደመቀ። ስንት ጨመራችሁበት?»