ነጥብ የማይያዝበት ሥራ

እዚህ ሐዋሳ፣ መምህራንና ተማሪዎች ከክፍል ውጭ አብረን ከምንሠራቸው አነስተኛ ሥራዎች መካከል እኔ የማስበልጠው የሐይቁን ውሃ ጥራት መለካትን ነው። ሐይቁ ጥቁር ውሃ ወንዝ ቢገባበትም በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ ስለሌለው፣ ከከተማውና ከእርሻው ታጥቦ የገባው አብዛኛው ነገር እዚያው ይከማቻል፤ ስለዚህ በየጊዜው የሚመዘገብ ቁጥር፣ ትንሽም ቢሆን፣ ዋጋ አለው። መሣሪያው 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁርና ነጭ ክብ ሰሌዳ ሲሆን፣ በገመድ ወርዶ ከዐይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይጻፋል። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ «መምህር፣ በዚህ በኩል ውሃው ያንጸባርቃል፤ በጀልባው ጥላ በኩል እንለካው» ስትለኝ ትክክል ነበረች፤ ክፍል ውስጥ ቢሆን ግን ዝም የምትል ይመስለኛል። የጀልባው ኪራይ እስካሁን ከኪሳችን ነው።