ያለ ጥፋቱ የታማው መብራት

በ2000 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ጽሕፈት ቤት ነበረችኝ፤ ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እንተይባለን። ሞኒተሩ ያ ጀርባው የተቆለለ፣ 17 ኢንች ነው። ከሰዓት በኋላ ሲሆን የምትተይበው ልጅ ዓይኗን ታሻለች። «ጋሼ፣ ይኸ ነገር ይርገበገብብኛል፤ ራሴን ሊፈልጠኝ ነው» ትለኛለች። እኔ ፊት ለፊት ሳየው ምንም የለውም። መነጽር ሳያስፈልግሽ አይቀርም ብያት አረፍኩት፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ቀጥሎ ያማሁት መብራቱን ነው። ስታብላይዘር ገዝቼ ከሞኒተሩ ጎን ደገንኩት። ጭራሽ ባሰበት! መርገብገቡ እንዳለ ሆኖ ፊደሎቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ።

አንድ ጠጋኝ ወዳጄ መጣና «ስክሪኑን ተወው፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር እይ» አለኝ። ካላንደሩን ሳይ ሞኒተሩ በዓይኔ ጥግ ሲርገበገብ ታየኝ። ለካ ከፊት ይልቅ በጎን ያለው እይታችን ነው ይህን የሚይዘው። ልጅቷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከጎኗ ያለውን ወረቀት እያየች ነው የምትተይበው።

ዊንዶውስ ኤክስፒው 60 ኸርዝ ላይ ነበር፤ በሰከንድ 60 ጊዜ ማለት ነው። ባለ ቱቦ ሞኒተር ምስሉን በጨረር መስመር በመስመር ይስላል፤ የተሳለው ወዲያው ይደበዝዛል፣ እንደገና ይሳላል። በሰከንድ 60 ጊዜ ለብዙ ሰው ዓይን አይበቃም። ፕሮፐርቲስ፣ ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ ሞኒተር ብዬ ገባሁ። ስግብግብ ስለሆንኩ 1280 በ1024 ሪዞሉሽን (ወደ ጎን 1280 ነጥብ፣ ወደ ታች 1024 መስመር) ላይ 85 ኸርዝ አዘዝኩት፤ ሞኒተሩ የማይችላቸውን ምርጫዎች ደብቅ የሚለውን ምልክት እንኳ አንስቼ! ስክሪኑ ጨለመ። በራሱ ወደ ነበረበት እስኪመለስ ያለችው 15 ሰከንድ ዓመት ሆነችብኝ።

መልሱ ከጀርባው ተለጥፎ ነበር፦ ከ30 እስከ 70 ኪሎኸርዝ፤ ማለትም በሰከንድ ከ30 ሺህ እስከ 70 ሺህ መስመር መሳል ይችላል። 768 መስመር በ85 ሲባዛ 65 ሺህ ግድም ነው፤ ጨረሩ ወደ ላይ የሚመለስበት ሲጨመርበት 69 ሺህ ይጠጋል፤ ለጥቂት ይገባል። 1024 መስመር ከሆነ ግን 91 ሺህ። ስለዚህ 1024 በ768፣ 85 ኸርዝ። ደግሞም በትልቁ ሪዞሉሽን ፊደሉ ከማነሱ የተነሳ «ተከራዩ» እና «ተከራዪ» አይለዩም፤ የዩ ቅጥያ ከወገቡ፣ የዪ ከእግሩ መሆኑን ለማየት አፍንጫን ስክሪኑ ላይ ማስደገፍ ነው። ውል ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

መንቀጥቀጡስ? የስታብላይዘሩ ትራንስፎርመር ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ፣ ሞኒተሩ 60፤ መግነጢሱ ጨረሩን ይገፋዋል፣ ልዩነቱ በሰከንድ 10 ጊዜ እየተወዛወዘ ይታያል። ሁለት ክንድ ያህል አርቄ ወለል ላይ ሳኖረው ጸጥ አለ።

ኋላ ፍላት (ቱቦ የሌለው ጠፍጣፋ ሞኒተር) ሲመጣ ይህ ሁሉ ቀረ፤ 60 ኸርዝ ይበቃዋል። ልጅቷ ፊደል ለማጉላት ብላ ሪዞሉሽኑን ዝቅ ስታደርገው ደበዘዘባት፤ ፍላት የተሠራበትን ልክ ካልሰጡት አይጠራም፣ ጽሑፉን ለብቻ ማጉላት ነው። ስታብላይዘሩ ግን ያኔ ካስቀመጥኩት ወለል ላይ አልተነሳም።