ሰባቱ አረንጓዴ ቀናት

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አንድ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ቀለም የቀባችው የ14 ዓመቷ ልጃችን ናት። ቀዩ ቀን አባቷ ሆስፒታል ተቀምጦ መድኃኒቱ በደም ሥሩ የሚገባበት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለ14 ቀን ጠዋትና ማታ ክኒን ይውጣል። ቀጥሎ 7 ቀን እረፍት ነው። ሰባቱን አረንጓዴ ቀባቻቸው። ከዚያ እንደገና ቀይ። ኑሯችን በ21 ቀን ይዞራል።

ባለቤቴ የትልቁ አንጀት ካንሰር እንዳለበት ስናውቅ በሽታው ጉበቱ ላይ ደርሶ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ወራት በአንድ ቃል ነው የገፋናቸው። "ሲሻልህ"። ሲሻልህ ልጆቹን ይዘን እንሄዳለን። ሲሻልህ ፎቶ እንነሳለን። ሲሻልህ ዘመዶችን እንጠራለን። አራተኛው ዙር ላይ ዶክተሯን በቀጥታ ጠየቅኳቸው።

"ሕክምናው የሚያበቃው መቼ ነው?"

"እየሠራ እስካለ ድረስ አናቆመውም" አሉኝ።

መኪና ውስጥ ሁለታችንም አልተነፈስንም። ቤት ስንደርስ እሱ ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ የቀን መቁጠሪያው ፊት ቆመ። ጣቱን አረንጓዴው ላይ አደረገ። "እንግዲህ ያለችን ይቺ ናት" አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ "ሲሻልህ" የሚለው ቃል ከቤታችን ወጣ።

ቪክቶሪያ ፏፏቴ የመሄድ ሐሳብ የመጣው ከትንሹ ነው። ስምንት ዓመቱ ነው። አንድ ማታ አባቱን፣ "አባዬ፣ የማርያም መቀነት ማታ ይወጣል?" አለው። "አይወጣም፤ ፀሐይ ይፈልጋል" ሲል መለሰለት። ልጁ ግን አንብቦ ነበር የመጣው። ጨረቃዋ ሙሉ ስትሆን፣ ውኃው ደግሞ በደንብ ሲሞላ፣ ፏፏቴው በሚረጨው ጠል ላይ የጨረቃ ቀስተ ደመና ይታያል። የጨረቃዋን ቀኖች ጽፎ አመጣና ከግድግዳው ጋር አስተያየ። ሚያዝያ ላይ ሙሉዋ ጨረቃ አረንጓዴው ሳምንት ውስጥ ገባች። አባቱ ወረቀቱን ሁለቴ አየው። "ሄደን በዓይናችን እናረጋግጣለን" አለ።

ከኬሞ ታማሚ ጋር መጓዝ ሻንጣ ማሰር ብቻ አይደለም። ነጭ የደም ሴሉ እንዳልወረደ ለማወቅ ከመሄዳችን በፊት ደሙ ተመረመረ። ዶክተሯ የሕመሙንና የመድኃኒቶቹን ዝርዝር ደብዳቤ ጻፉልን። የወባ መከላከያውንም ከኬሞው ጋር እንዳይጋጭ አይተው መረጡ። መድኃኒቱን ሁሉ በእጅ ቦርሳ ያዝነው። ካንሰር ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል፤ ረጅም በረራ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የሚያጠብቅ ካልሲ አደረገ፣ መተላለፊያው ጋ ተቀመጠ፣ በየሰዓቱ እየተነሳ ተራመደ። ኢንሹራንሱ ነው የፈተነን። ሁለት ቦታ የበሽታውን ስም ሲሰሙ አይሆንም አሉን። ሦስተኛው ተቀበለን።

አንድ ነገር ግን ሳልጠብቀው ልቤን ነካው። የቢጫ ወባ ክትባት ከሕያው ቫይረስ ስለሚሠራ ኬሞ ላይ ላለ ሰው አይሰጥም። እሱ ግን ከዓመታት በፊት ለሥራ ጉዞ ተከትቦ ነበር። ካርዱን ከመሳቢያ አወጣሁት። ላዩ ላይ የ10 ዓመት የአገልግሎት ጊዜ ተጽፏል፤ አልፏል። ደንግጬ ስጠይቅ፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ሕግ ተቀይሮ ካርዱ ለዕድሜ ልክ እንደሚያገለግል ነገሩኝ። ለዕድሜ ልክ። ካርዱን ይዤ ትንሽ ቁጭ አልኩ።

የአረንጓዴው ሁለተኛ ቀን ላይ ተነሳን። ዛምቢያ፣ ሊቪንግስተን ከተማ ገባን። ፏፏቴው ገና ሳይታይ ጭሱ ይታያል። ከዛፎቹ በላይ ነጭ ዓምድ ቆሟል፤ ደመና ይመስላል፤ ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም። የአገሬው ሰው ሞሲ ኦዋ ቱንያ ይለዋል፤ የሚያጓራው ጭስ ማለት ነው። የእኛው ጢስ ዓባይ ትዝ አለኝ። ውኃ ሲወድቅ ያየ ሰው የትም ይሁን የት ጭስ ነው የሚለው። ትልቋ፣ ስኮትላንዳዊው አሳሽ ዴቪድ ሊቪንግስተን በ1855 እ.ኤ.አ. እዚህ ደርሶ በእንግሊዟ ንግሥት በቪክቶሪያ ስም እንደጠራው የሚገልጸውን ጽሑፍ አነበበችልንና፣ "ስም ነበረው አይደል እንዴ?" ብላ ተቆጣች። አባቷ በጣም ደስ አለው። እኔም።

ስፋቱ 1,708 ሜትር ነው። ቁመቱ ትልቁ ቦታ ላይ 108 ሜትር። ሚያዝያ ላይ የዛምቤዚ ወንዝ ሞልቶ ስለሚመጣ ውኃውን ከማየት ይልቅ መስማት ይቀላል። ድምፁ በጆሮ ብቻ አይገባም። ደረት ውስጥ ነው የሚሰማው።

ከፏፏቴው ፊት ለፊት የቢላ ስለት የሚባል ጠባብ የእግረኛ ድልድይ አለ። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ለጤነኛ ሰው አጭር ነው። የእሱ እግር ግን ከክኒኑ የተነሳ ውስጡ ቀልቷል፣ ይላጣል። ጠዋት ጠዋት ቅባት ቀብቼ ወፍራም የጥጥ ካልሲ አደርግለታለሁ። ያን ቀን ከካልሲው ላይ ፌስታል ጨመርን። ትንሽ እየሄደ ያርፋል። ዐሥር ጊዜ ያህል አረፍን። ማንም አልቸኮለም።

ዝናብ ልብሱን ሲለብስ ቁልፎቹ ጋ ተያዘ። በደም ሥር የሚገባው መድኃኒት፣ ኦክሳሊፕላቲን፣ የጣቶቹን ነርቭ ጎድቶታል። ቁልፍ ይይዛል፤ ግን መያዙ አይሰማውም። ሁለቴ ሞከረ፤ አመለጠው። ልረዳው እጄን ስዘረጋ ትንሹ ቀደመኝ። አባቱ ፊት ተንበረከከና ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ቆለፈለት። መጨረሻው አንገቱ ሥር ነበር፤ አልደረሰበትም። አባቱ ጎንበስ አለለት። ከሁለት ዓመት በፊት የዚያን ልጅ የዩኒፎርም ቁልፍ በየጠዋቱ የሚቆልፈው እሱ ነበር። ሁለቱም ምንም አላሉም። ልጁ ጨረሰና የአባቱን ደረት መታ መታ አደረገ፤ ልክ አባቱ ያደርግለት እንደነበረው።

ድልድዩ ላይ ዝናቡ ከላይም ከታችም ነው። የብረት መደገፊያው ይቀዘቅዛል። እሱ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ እጁን እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል፤ መድኃኒቱ በገባ ሰሞን ይብሳል፤ አረንጓዴው ላይ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይለቀውም። ስለዚህ የሱፍ ጓንት አድርጓል። ያው ቀይ ቀን ሆስፒታል ይዞት የሚሄደው ጓንት ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ በሰበሰ። መሀሉ ላይ ሲደርስ ቆመና ፊቱን ወደ ውኃው አቀና። ጮክ ብዬ ጠራሁት፤ አልሰማኝም። ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፍቶ ይስቃል።

ትልቋ ደግሞ ሮጠች። ይህን ማለት አለብኝ። ይቺ ልጅ በዚህ ዓመት የደም ምርመራ ውጤት ማንበብ ተምራለች። የአባቷን የክኒን ሰዓት ከእኔ በላይ ታስታውሳለች። አመሰግናታለሁ፤ ግን ያመኛል። በ14 ዓመት መታወቅ ያለበት ነገር አይደለም። ያን ቀን ጥላን ወደ ፊት ሮጠች፤ ጫፍ ደርሳ እየጮኸች ተመለሰች፤ እንደገና ሮጠች። አባቷ የት እንዳለ ዞር ብላ አላየችም።

የዚያኑ ለሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሰውነቱ ሞቀኝ። ቴርሞሜትሩ 37.7 አለ። የተነገረን ቁርጥ ያለ ነው፤ 38 ከሞላ አይጠበቅም፣ ሆስፒታል ነው፤ ነጭ የደም ሴሉ ዝቅ ካለ ተራ ኢንፌክሽን ሊገድለው ይችላል። ሆስፒታሉን ሳንመጣ ነው ያጣራሁት፤ የታክሲ ሾፌሩም ስልክ አለኝ። ጫማዬን አድርጌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በየግማሽ ሰዓቱ ለካሁት። 37.8። 37.7። እኔ ነኝ ያመጣሁት አልኩ። ቤቱ ቢተኛ ምን ነበረበት አልኩ። እሱ ነቅቶ ኖሯል። "ነገ ማታ ጨረቃዋ አለች" አለኝ በጨለማው ውስጥ። "ትኩሳት አለህ እኮ" አልኩት። "ትኩሳት ቤትም ነበረኝ" አለ። መልስ አጣሁ። 37.4። ሊነጋ ሲል 37። ጫማዬን ሳላወልቅ ነጋልኝ።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ አረፈ። ደግሜ ደጋግሜ ለካሁት፤ ደህና ነበር። ሙሉ ጨረቃ በምትሆንባቸው ምሽቶች ፓርኩ ለዚሁ ብሎ ማታም ይከፈታል። የእጅ ባትሪ ይዘን ገባን፤ በሁለት እጃችን ደግፈን፣ ቀስ እያልን። ጨረቃዋ ከኋላችን ወጣች። ጠሉ ላይ መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ትንሹ እጁን ዘረጋ። ነጣ ያለ ቅስት ነበር፤ ከገደሉ ተነስቶ ጭሱ ውስጥ ይገባል።

"ቀለም የለውም" አለ ልጁ፤ ሆድ ባሰው።

አባቱ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ብርሃን ሲያንስ ዓይናችን ቀለም እንደማይለይ፣ ቀለሙ ግን እዚያው እንዳለ ነገረው። ትልቋ ስልኳን መደገፊያው ላይ አስደግፋ ለጥቂት ሰከንድ ብርሃን እንዲሰበስብ ከፈተችው። ስናየው ቀዩ አለ፣ ቢጫው አለ፣ አረንጓዴው አለ። አራታችን በአንድ ትንሽ ስልክ ላይ ጭንቅላታችንን ገጠምን። ልጁ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ቅስቱን ያያል። እሱ ደግሞ ልጁን ነበር የሚያየው።

ስድስተኛው ቀን ላይ ተመለስን። በሰባተኛው ደሙ ተመረመረ። በማግስቱ ቀዩ ቀን ነበር። ጠዋት የሆስፒታሉን ቦርሳ ሳዘጋጅ ጓንቱን ፈልጌ ከሻንጣው ኪስ፣ ከፌስታል ውስጥ አገኘሁት። ስጨምቀው ውኃ ወጣው። ሌላ ጓንት ይዤለት ሄድኩ።