የአፈር በል ምስጥ አንጀት፦ የት ይሳባል፣ የት ይበጠሳል

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ምስጡም ይበረታል። ግን የማሽላ አገዳና የቤት ማገር የሚጨርሰው ሁሉ አፈር በል አይደለም፤ ማክሮተርመስና ኦዶንቶተርመስ ገለባና እንጨት ሰብስበው ጎጇቸው ውስጥ ፈንገስ የሚያበቅሉ ናቸው። አፈር በሉን ድንጋይ ገልብጦ መፈለግ ይሻላል። የሠራተኛውን ሆድ በሁለት ስላይድ መካከል ሲያሹት መስታወቱ ከከረከረ ጥሩ ፍንጭ ነው።

ለመክፈት ሠራተኛ ይምረጡ፤ ወታደሩ ሠራተኞች የሚያጎርሱትን ስለሚበላ አንጀቱ ብዙ አያሳይም። በሕይወት ያለውን ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዘው በ0.9% የጨው ውሃ (ግሉኮስ ያልገባበት የፋርማሲ ሳላይን) ጠብታ ላይ ያስተኙት። በተራ ውሃ ሕብረ ሕዋሱ ያብጣል። በአንድ ወረንጦ ደረቱን ይዘው በሌላው የሆዱን ጫፍ በቀስታ ይሳቡ። ከተቻኮሉ ሆድቃው መሃል ላይ ይበጠሳል፣ አፈሩም ፈሳሹን ያደፈርሰዋል። አልኮል ውስጥ የከረመ ናሙና ግትር ስለሚሆን አይሳብም፤ ቆዳውን ሰንጥቆ ማውጣት ነው።

የፊት አንጀቱ ትንሽ ነው፤ መፍጫው ላይ ያለው ጥርስ መሳይ ትጥቅም ደካማ ነው። መካከለኛው አንጀት አጭር ቱቦ ነው። ቀጥሎ ያለው ድብልቅ ክፍል ላይ ይቆዩ፦ ግድግዳው በአንድ ወገን የመካከለኛው፣ በሌላው የኋላ አንጀት ነው። 4 የማልፒጊ ቱቦዎችም (ቆሻሻ የሚያስወግዱ ቀጫጭን ቱቦዎች) እዚህ አካባቢ ይገጠማሉ። ብር መሳይ የሚያብለጨልጨው ክር ግን የአየር ቱቦ ነውና አይቁጠሩት።

የኋላ አንጀት ከፒ1 እስከ ፒ5 ይከፈላል። አፈር በል በሆነው ኩቢተርመስ ፒ1 ውስጥ ፒኤች ከ12 በላይ ተለክቷል። ይህ ኃይለኛ አልካላይ ከሂዩመስ (አፈር ውስጥ ካለው የበሰበሰ ቅሪት) ጋር የተጣበቀውን ፕሮቲን ያላቅቃል፤ ምስጡን የሚመግበው በዋናነት ይኸው ናይትሮጅን ያለው ቅሪት ነው። ፒኤቹን በወረቀት ለመለካት አይድከሙ፤ ፒ1 እንደፈነዳ ይዘቱ ከሳላይኑ ጋር ተቀላቅሎ ፒኤቹ ይወርዳል። ፒ3 ባክቴሪያ የሞላው ትልቅ ከረጢት፣ ፒ4 ረጅም፣ ፒ5 የመጨረሻው ነው።

በመካከል ያለችው ፒ2 ቫልቭ ናት። አብዛኞቹ የአፍሪካ አፒኮተርሚቲኔ (አንድ የምስጥ ንዑስ ቤተሰብ) ወታደር ስለሌላቸው የዝርያው መለያ ብዙ ጊዜ እሷው ናት። ከፒ1ና ከፒ3 ጥቂት ጨምረው ይቁረጧት፣ በቁመቷ ሰንጥቀው አሸዋውን ይጠቡ፣ የውስጥ ገጿን ወደ ላይ አድርገው በግሊሰሮል ይዘርጉ። ስንጥቁ በውስጥ ገጿ ካሉት እሾኻማ ሸንተረሮች በአንዱ ላይ ከዋለ እሾኾቹ ይጠፋሉ፤ የቀረ አሸዋ ደግሞ የሽፋኑን መስታወት ያነሳዋል። ስለዚህ ከአንድ ጎጆ ቢያንስ ሦስት አራት ሠራተኛ ይክፈቱ።